የስንዱ ኪልትና የእኔ ዱላ

ለባለቤቴ ለስንዱ፣ ካለሽበት ይድረስሽ።

ስንዱዬ፣ ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሞላ። እኔ ከሁለት ስብር የጎድን አጥንት፣ ከአንድ የሚነቃነቅ ጥርስና ከልጅሽ ከማህሌት ኩርፊያ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንቺ ያለሽበት ዘንድ ጠብ የለም ይላሉ። እውነት ከሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ከመክፈትሽ በፊት አጠገብሽ ያሉትን ጻድቃን ራቅ በሉ በያቸው፤ ደም አለበት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ይበላሻል። ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ ስወጣ በየደረጃው እያረፍኩ ያንቺን ስድብ ለሊፍቱ እደግምለታለሁ፤ አንዱንም አልረሳሁም። የስፌት መኪናሽን ማህሌት በነጭ ሻሽሽ ሸፍናዋለች። በረንዳው ላይ የተከልሽው ጤና አዳም ጫካ ሆኗል። ውሃ አላጠጣሁትም፤ በቂም ይመስለኛል የሚያድገው። ማህሌት እሑድ እሑድ ከሆስፒታል ሺፍቷ ስትወጣ ትመጣለች። ፍሪጁን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ታየኛለች፣ በረጅሙ ትተነፍሳለች። በእንግሊዝኛ ነው የምትተነፍሰው።

አሁን ወደ ኑዛዜሽ። ሌላ ሰው ሲሞት ቤት ይናዘዛል፣ ወርቅ ይናዘዛል። አንቺ ለእኔ የተናዘዝሽልኝ ኪልት ነው። «ቀሚስ» ያልኩ እንደሆነ መቀስሽን ይዘሽ ከመቃብር እንደምትነሺ ስለማውቅ ኪልት ብያለሁ።

መቼም ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ያነበው ይሆናልና ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እዚህ ሜልቦርን ከገባን ጀምሮ እጅሽ እስኪደክም ድረስ የሰፋሽው ለአንዲት ስኮትላንዳዊት ወርክሾፕ ነው። አያቴ ስኮትላንዳዊ ነበር የሚል ወንድ ሁሉ፣ ሰርግ ሲኖረው ወይም ያን የከረጢት ዋሽንታቸውን እየነፋ ሰልፍ ሊወጣ ሲያምረው፣ ከወገብ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ያን ባለ መስመር የሱፍ ልብስ ለመለካት ይመጣ ነበር። የኋላውን ሽንሽን አንድ በአንድ በእጅሽ ትሰፊዋለሽ፤ መስመር ከመስመር እንዲገጥም፣ ሰውየው ሲቆም ዝም እንዲል፣ ሲራመድ እንዲወዛወዝ። ቤት ስትገቢ «ዛሬ የሁለት ፖሊስና የአንድ ዳኛ ዳሌ ለካሁ» ትይኝ ነበር። እኔ ስቀና ደስ ይልሽ ነበር።

የመጨረሻውን ግን የሰፋሽው አልጋ ላይ ሆነሽ ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ቀጭን ቀይ መስመር ጣል ጣል ያለበት። ለማን ነው ስልሽ «ለአንድ ግትር ሽማግሌ» አልሽ። ሲያልቅ እኔም ያለ የሌለ ክብሬን ሰብስቤ፣ መኝታ ቤት ገብቼ፣ ለብሼ ወጣሁልሽ። ሽንሽኑን ከፊት፣ ለጥ ያለውን ከኋላ አድርጌ። «የጠላ ቤት መጋረጃ መሰልክ!» ብለሽ የሳቅሽው ሳቅ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫሽ አወለቀው፤ ልታይሽ የመጣችው ነርስ የሞትሽ መስሏት ከኩሽና ሮጣ መጣች። ሳቁ ሲበርድልሽ ነው እንዲህ ያልሽኝ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ስሞት ጥቁር እንዳትለብስብኝ። ጥቁር ስትለብስ ቤት ልቀቁ ሊል የመጣ ሰው ትመስላለህ። ዓመቱን ይሄን ልበስልኝና ሰዉ ይሳቅ።»

ልብ በይልኝ፤ ሰዉ ይሳቅ ነው ያልሽው። ሰዉ ይመታ አላልሽም።

ከአርባሽ በኋላ ለብሼ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልክ እንደ ተመኘሽው ነበሩ። ትራም ላይ አንድ ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ፣ ከእኔም በዕድሜ የሚገፋ፣ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝና «የየትኛው ጎሳ ነህ?» አለኝ። እነሱ ዘንድ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ጎሳ ነው ብለሽ አስተምረሽኛል። «የመርሐቤቴ ነኝ» አልኩት። ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። «ከሰሜኑ በኩል ናችኋ?» «አዎ፣ ደጋው ላይ።» «ሰምቻለሁ፣ ተዋጊዎች ናችሁ» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ምንም እንዳልሰማ እያወቅሁ ደረቴን ነፋሁ።

የቀረው ሕዝብ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው ስንዱዬ። መልኬ ጥቁር፣ ፀጉሬ ነጭ፣ አንገቴ ላይ ማተብ፣ ወገቤ ላይ የስኮትላንድ ኪልት። ከዚህ ሁሉ ጉድ መካከል ሊያውቁት የሚፈልጉት «ከስር ምን አለ?» የሚለውን ነው። ለአውቶቡስ ነጂው «ከስር ስልሳ ሰባት ዓመት የኖረ ቅርስ አለ፣ ለጥገና ዝግ ነው» አልኩት። ከሕንጻ ሥራ መወጣጫ ላይ ላፏጨልኝ ጎልማሳ እንደ ሙሽራ እጄን አውለበለብኩለት፤ ሊወድቅ ነበር። ከምሳ የሚመለሱ የቢሮ ሴቶች ከበው ሲጠይቁኝ ደግሞ «ከስር ሐዘን አለ፤ የሚስቴ ኑዛዜ ነው» አልኳቸው። አንደኛዋ አልቅሳ አቀፈችኝ። እኔም እንዳላስቀይማት ብዬ አቀፍኳት። አትቅኚ፣ ጉንፋን ነበረባት።

ነፋሱን ሳልረሳ። የዚህ ከተማ ነፋስ ባለጌ ነው። በፎቆቹ መካከል አድፍጦ ይጠብቅሽና ጥግ ስትዞሪ ከታች ይመጣል። ሁለት እጅ አለኝ፤ አንዱ ዱላ ይይዛል፣ አንዱ ክብሬን።

የእኛ ሰዎችስ? ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስደርስ ሴቶቹ አማተቡ። «ኧረ በማርያም፣ ጋሼ ግርማ ምን ነካቸው?» ግማሹ ሐዘን አሳበዳቸው አለ፣ ግማሹ ጠበል ይወሰዱ አለ። አንዱ ጎረምሳ «ሽርጥ ነው እንዴ?» ብሎ ሊረዳኝ ሞከረ፤ እግዜር ይስጠው። በመጨረሻ የሚገርም ነገር ሆነ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲቀያየም ሽማግሌ እንደሚላክ ታውቂያለሽ። ለእኔ ከሱሪ ጋር ሊያስታርቁኝ ሽማግሌ ላኩብኝ።

ስድስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ብርቄና ታክሲያቸውን ለልጃቸው አስረክበው ጡረታ የወጡት ጋሼ ታደሰ ናቸው የመጡት። በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ሱሪ ይዘዋል። ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አቶ ግርማ፣ ለመሆኑ ሱሪ ምን በደለዎት?»

«ምንም አልበደለኝ ጋሼ። ለአንድ ዓመት ተለያይተን ነው።»

«አሁን ታርቀው ቢገቡስ?»

እትዬ ብርቄ ግን ለሽምግልና ወግ ትዕግሥት የላቸውም። «አንተ፣ በዚህ ዕድሜህ ጭንህን ነፋስ ሲልሰው አታፍርም? ስንዱ ብታይህ ምን ትላለች?»

«እሷ ናት የሰፋችው እትዬ።»

እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው ሽንሽኑን በጣታቸው ዳበሱት፣ የስፌቱን ጥርስ አንድ በአንድ ነካኩት። «እጇ ነው» አሉና ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ሲሄዱ ሱሪውን ግን አልወሰዱትም። በሩ ጥግ ተቀምጦ እንደ ተቀየመ ዘመድ ያየኛል።

እስከዚህ ድረስ ብትስቂ አልከለክልሽም። ከዚህ በኋላ ያለው ሌላ ነው።

ክረምቱ እንደ ገባ ካርልተን ሰፈር ውስጥ ስሄድ ከሚሮጥ መኪና እንቁላል ወረወሩብኝ። ሽንሽንሽ ላይ ፈሰሰ። አራት ጎረምሶች ናቸው፤ እየጮኹ ሄዱና ቀይ መብራት ያዛቸው። ደረስኩባቸው። ዱላዬን አንስቼ የጎን መስታወታቸውን ከሥሩ ገነጠልኩት፤ ደገምኩና የፊቱን መብራት አፈረስኩት። አራቱም መስኮት ዘግተው፣ በር ቆልፈው፣ ተቃቅፈው ተቀመጡ። አንዱ «ሶሪ! ሶሪ!» ይላል። አራት ጎረምሳ ከአንድ ሽማግሌ ሲደበቅ ማየት ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ልነግርሽ አልችልም። ከሞትሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ አምሮኝ በላሁ።

ፊትዝሮይ ሰፈር ላይ ደግሞ አንድ ዘናጭ፣ ለሴት ጓደኛው ሊያሳያት ብሎ፣ በጃንጥላው ጫፍ የኪልቴን ጠርዝ ከፍ አደረገው። ጃንጥላውን ተቀበልኩት፣ ጉልበቴ ላይ ሰበርኩት፣ በግማሹ ጣቶቹን ቀጠቀጥኳቸው። ሴትዮዋ ጮኸች። እኔ ቆብ አንስቼ «መልካም ቀን» ብያት ሄድኩ። በኪልት ሲሆን ሰላምታ እንደሚያምር ያን ዕለት አወቅሁ።

ማህሌት ከጎረቤት ሰምታ መጣች። ፍሪጁን እንኳ አልከፈተችም። «አባዬ» አለች፣ በአማርኛ፣ ነገሩ ክፉ መሆኑን በዚያ አወቅሁ፣ «አንተ ሐዘን የወጣህ ይመስልሃል። አደን ነው የምትወጣው።»

ተቆጣሁ። አንቺም ታውቂኛለሽ፣ የምቆጣው ሰው እውነቴን ሲያገኝብኝ ነው። ትራም ስጠብቅ ባዶው ሲመጣ አሳልፌ በወንድ የተሞላውን መጠበቅ ከጀመርኩ ሰነባብቼ ነበር። ጥግ ያለ ወንበር እየተለቀቀልኝ መሐል እቆም ነበር። ጥያቄውን ሲጠይቁኝ ቀልድ መመለስ አቁሜ እጃቸውን ነበር የማየው፤ ይነካኛል ወይስ አይነካኝም እያልኩ። እንዲነካኝ ነበር የምፈልገው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ነካኝ።

እግር ኳሳቸው ያለቀበት ሰዓት ነው፤ ትራሙ በሻርፕና በቢራ ሽታ ታፍኗል። ከኋላዬ የቆመው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በለበሰው የሥራ ሸሚዝ ላይ የጎሚስታ ቤት ስም ተጽፎበታል። «አያቴ፣ ሚስትህ ሱሪህን ሸጠችብህ እንዴ?» አለኝ። ጓደኞቹ አሽካኩ። መልስ አላጣሁም ነበር፤ ግን «ሚስትህ» ሲል ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። እሱ ስልኩን አወጣና በአንድ እጁ እየቀረጸ በሌላው የኪልቱን ጠርዝ ይዞ እስከ ወገቤ ገለበው። ትራም ሙሉ ሰው ፊት።

ስንዱዬ፣ ስዞር አላየሁትም፤ ቀድሞኝ የዞረው ዱላው ነው። ጫፉ ለስላሳ ነገር ሲያገኝ መዳፌ ላይ ተሰማኝ። አጥንት ቢሆን ይነጥር ነበር፤ አልነጠረም። ሰውየው አልጮኸም። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ተንበረከከ፤ በጣቶቹ መካከል ደም ወረደ። የመጀመሪያው ምት ድንገተኛ ነው እንበል፤ ፖሊሱም እንደዚያ ብሏል። ሁለተኛውን ግን እያየሁ መታሁት። ተንበርክኳል፣ እጆቹ ፊቱን ይዘዋል፣ ትከሻው ባዶ ነው፤ ባለ በሌለ ኃይሌ አሳረፍኩበት። ሦስተኛውንም አነሳሁ። በዚያች ሰዓት የምመታው እሱን አልነበረም። ሳንባሽን ነበር፣ «ምንም የምናደርገው የለም» የሚለውን የሐኪሞቹን ቃል ነበር፣ ያን ቱቦ ነበር። ብቻ እነዚያ ሁሉ ዓይን የላቸውም። ዓይን የነበረው ሰውየው ነው።

ሦስተኛው ሳይወርድ ጓደኞቹ ደረሱልኝ፤ ደረሱብኝ ማለት ሲገባኝ ደረሱልኝ አልኩ፣ ይሁን። ወለሉ ላይ ጣሉኝና በጫማ ወረዱብኝ። የጎድኔ አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ድምፅ አለው። አንዱ ኪልቱን ይዞ ሲጎትተኝ ሽንሽንሽ ተተረተረ፤ ከጎድኔ ይልቅ እሱ ነው ያስጮኸኝ። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን እያወናጨፈች «ሽማግሌ እኮ ነው! ሽማግሌ እኮ ነው!» እያለች በመካከል ገባች። ነጂው ትራሙን አቆመ። ወለሉ ላይ የእኔና የእሱ ደም ተገናኝቶ ወደ በሩ ፈሰሰ፤ የማን የማን እንደሆነ አይለይም።

ሰውየው ክሬግ ይባላል። ፖሊሱ ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ቆሞ የግራ ዓይኑ ሊተርፍም ላይተርፍም እንደሚችል ነገረኝ። ቀድሞ የነካው እሱ መሆኑ በካሜራ ታይቷል፤ ጓደኞቹም ጎድኔን ሰብረዋል። ክሬግ ክስ አልፈልግም አለ፣ እኔም አልፈልግም አልኩ፣ ፖሊሱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኝ ሄደ። እንዲህ ነው የዚህ አገር ነገር፤ ሁለታችሁም ተፋጃችሁ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ።

ቤት ገባሁ። የተተረተረውን ኪልት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሳየው ጠርዙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ደርቋል። አንቺ በዚያ ደካማ እጅሽ የሰፋሽው፣ ሰው ይስቅበት ያልሽው ልብስ፣ የሰው ዓይን ጠጥቶ መጣ። ማህሌት ጎድኔን እያሰረችልኝ ፋሻውን ብቻ ነበር የምታየው። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሽማግሌዎቹ እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ ሱሪ አልያዙም።

«ድንጋይ ትሸከማለህ» አሉ እትዬ ብርቄ ገና ሳይቀመጡ።

ጋሼ ታደሰ ሊያለዝቡት ሞከሩ። «አገሩ ሌላ ነው እትዬ። ፈረንጁ ይህን አያውቅም።»

«እሱ ባያውቅ እግዜር ያውቃል።»

ልክ ናቸው። እኛ ዘንድ ደም ያፈሰሰ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ የበደለው ሰው እግር ላይ ይወድቃል። የተበደለው ድንጋዩን ካላነሳለት ቀና አይልም። ማህሌት ይህን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። «አባዬ፣ ቴክስት ላክለትና ሶሪ በለው!» አለች።

የአትክልት ድንጋይ ከሚሸጥበት ሄድን። ጋሼ ታደሰ ለጎድኔ አዝነው አንዲት ለስላሳ ክብ ድንጋይ መረጡ። እትዬ ብርቄ አዩዋትና «ይህቺ ለነጭ ሽንኩርት መውቀጫ ናት፤ እሱ ያጠፋው ዓይን ነው!» ብለው አንድ ጥቁር ሻካራ ድንጋይ በእግራቸው ገፉልኝ። ሻጩ ለምን እንደምንፈልገው ሲጠይቅ ጋሼ ታደሰ «ለአንገት» አሉት። ሌላ አልጠየቀም።

ማህሌት ቢያንስ ሱሪ ልበስ ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። በኪልት መትቼው በሱሪ ይቅርታ ብጠይቀው የሌላ ሰው ይቅርታ ነው የሚሆነው። የተተረተረውን በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ወጣሁ።

የሸሚዙን ጽሑፍ ስላየሁት ጎሚስታ ቤቱን ማግኘት አላስቸገረንም። ጠዋት ነው። ክሬግ ዓይኑ በነጭ ታሽጎ በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጎማ መፍታት ስለማይችል ስልክ እንዲያነሳ አስቀምጠውታል። እኛ ከመንገዱ ማዶ ተነሳን፤ ጋሼ ታደሰ በጋቢ፣ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እኔ በኪልት፣ አጎንብሼ፣ ድንጋዩ አንገቴ ላይ። በየእርምጃው የጎድኔ አጥንት እርስ በርሱ ሲፋጭ ይሰማኛል።

ስንዱዬ፣ እኛ ያሰብነው ይቅርታ ነው። ክሬግ በቀረው ዓይኑ ያየውን ደግሞ አስቢው፦ ዓይኑን ያጠፋው ሽማግሌ፣ ያንኑ ልብስ ለብሶ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ፣ አሁን ደግሞ በድንጋይ ሊመጣበት!

«ሊጨርሰኝ መጣ!» ብሎ ጮኸና ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። የጎማ መፍቻውን ብረት አነሳ። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ። ጋሼ ታደሰ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ የነዱበት እንግሊዝኛ በአንድ ጊዜ ከዳቸው። «ኖ ፋይት! ስቶን ፎር ፒስ! ስቶን ፎር ፒስ!» እያሉ በጋቢያቸው ይመክታሉ። እኔ ግን ድንጋዩን መጣል አልችልም። ከጣልኩት ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከተሸከምኩት ደግሞ ይገድለኛል። በጉልበቴ ወደቅሁና ማጅራቴን ሰጠሁት።

ብረቱ ወረደ። ድንጋዩ ላይ ነው ያረፈው። ስንጣሪው ጆሮዬን ሰነጠቀው፤ ጎድኔ ውስጥ አንድ ነገር እንደገና ቀጭ አለ። እጄን አላነሳሁም። ብረቱ ሲነሳ ጥላውን መሬት ላይ አየሁት፤ ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያይ ሰው የሚመታው ምት ነው። ይምታኝ ብዬ ጠበቅሁ። እውነት እልሻለሁ፣ ቢያሳርፈው ያኔ እኩል እንሆን ነበር።

ጥላው እዚያው አየር ላይ ቀረ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ከሳሞአ ደሴት የመጣ በር የሚያክል ሰው፣ ክንዱን ይዞታል።

«ተው» አለው በዝግታ። «ሊመታህ አይደለም የመጣው። ራሱን ሊሰጥህ ነው።»

«ድንጋይ ይዞ?!»

«እኛ አገር ምንጣፍ ተከናንበን የበደልነው ሰው ደጅ እንቀመጣለን። ካልገለጠልን አንነሳም። ቢገድለንም መብቱ ነው። ይሄ ሰውዬ ምንጣፍ አጥቶ ነው ድንጋይ ያመጣው። አንሳለት።»

እትዬ ብርቄ አንድም ቃል ሳይገባቸው «እሱን ስሙት! እሱን ስሙት!» አሉ በአማርኛ።

እኔም ከመሬቱ ጋር እያወራሁ በሰባራ እንግሊዝኛዬ የቻልኩትን አልኩ። ልብሱን ሚስቴ እንደሰፋችው፣ እንደሞተች፣ የመጀመሪያውን ሳላይ እንደመታሁት፣ ሁለተኛውን ግን እያየሁ እንደሆነ። ለፖሊሱ ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት። ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ጫማው ቀረበኝ፤ ያ ጎማ ጎማ የሚሸት የሥራ ጫማ። እጁን ወደ ድንጋዩ ዘረጋ።

ሳተው።

ስንዱዬ፣ ጣቶቹ ከድንጋዩ በስተግራ አየር ላይ ተጨበጡ። ባዶ ነገር ይዘው ተዘጉ። በአንድ ዓይን ቅርብና ሩቅ አይለይም፤ ማህሌት በኋላ አስረዳችኝ። እኔ ግን ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ያ ሁሉ ጫማ፣ ያ ብረት፣ የጎድኔ አጥንት፣ አንዱም እንደዚያች እጅ አልመታኝም። እንደገና ዘረጋ፤ በቀስታ እየዳበሰ፣ ጆሮዬን ነካ፣ ደሜን ነካ፣ ከዚያ ድንጋዩን አገኘው። አንስቶ ጎማዎቹ አጠገብ አስቀመጠው።

«ተነስ ሽማግሌው» አለኝ። «ደግሞ አሁን ጀርባህን ሰብረህ እኔን ያስይዙኛል።»

ሳሞአዊው ሳቀ፣ ጋሼ ታደሰ ሳቁ፣ ክሬግ እንኳ አፉን ወደ አንድ ጎን አጣመመው። ሳሞአዊው ኪልቴን ከላይ እስከ ታች አየውና «ለወግ ቀን እኛም እንዲህ ነው የምንለብሰው፤ ሽንሽኑ ግን የለንም» አለኝ። ያን ዕለት ሰዎች ኪልትሽን አይተው ሳቁ፣ ማንም አልተመታም።

ዱላውን ትቼዋለሁ። አሁን ስወጣ በማህሌት ክንድ ተደግፌ ነው፤ እሷም አሁን ኩርፊያዋን በአማርኛ አድርጋዋለች፣ መሻሻል ነው። መንገድ ላይ የሚጠይቁኝ አልጠፉም። እመልስላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ ያልፋሉ። ከትናንት ወዲያ አንዱ በክፉ ቃል ሰደበኝ። እጄ ዱላውን ፈለገ፣ አጣው፣ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ገብቶ ጡጫ ሆነ። ድኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም።

የክሬግ ዓይን ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ሐሙስ ሐሙስ ሐኪም ቤት ይቀርባል። እናቱ የምትሠራው ሩቅ ስለሆነ አብሬው የምሄደው እኔ ነኝ፤ በማያይበት በግራው በኩል እሄዳለሁ፣ የመንገድ ጠርዝ ሲደርስ «ደረጃ» እለዋለሁ። ብዙ አናወራም። ይመለስለት አይመለስለት ሐኪሞቹም አያውቁም፤ ይመለሳል ብዬ ልጽፍልሽ ብፈልግም አልጽፍም።

የዓመትሽ ዕለት እየተቃረበ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ሐዘን ያስወጣኛል፣ እትዬ ብርቄ ያን ሱሪ በድል ያለብሱኛል። ቄሱ በጸሎት የሚጠራ ስም እንዳለ ሲጠይቁኝ ያንቺን የክርስትና ስም ሰጠሁና የክሬግን ጨመርኩ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። «አላውቅም አባ፣ እንዲሁ ክሬግ ብለው ይጥሩት» አልኳቸው። ትንሽ አንገራገሩና ተቀበሉ። እኔም ቃል ገብቻለሁ፤ ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር ስሙን አነሳለሁ። ስምሽን የማላነሳበት ቀን ደግሞ የለም።

ያንቺው ግትር ሽማግሌ፣
ግርማ